ከሬዲዮው የወጣ ስፒከር

ጥቅምት 6

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሼ፤

አይተውኝ ባያውቁም የአጎትዎ ልጅ የወለደችኝ ነኝና ሰላምታዬን እንደ ልጅዎ ይቀበሉኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? እናቴም እኔም ደህና ነን። ወንድሜም የጭነት መኪናውን ይዞ መንገድ ላይ ነው።

የላኩልኝ አምፕ፣ የጊታሬ ድምፅ ማጉያ ሣጥን፣ ደረሰ! ጫኞቹ ሲያወርዱት ሬሳ የተሸከሙ ነበር የሚመስሉት። መቀስ እስክፈልግ መቆየት አቅቶኝ ማሸጊያውን በጥርሴ ቀደድኩት። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንዲህ አልተንቀጠቀጥኩም። ዲግሪ ወረቀት ነው፤ ይኼ ግን ይሞቃል።

እንጨቱ የሲጋራና የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ አለው። በክፍቱ ጀርባው በኩል ቲዩቦቹ በተርታ ቆመው ይታያሉ፤ አንገት የሌላቸው የመስታወት ጠርሙሶች። ሲበራ ሆዳቸው ውስጥ ፍም ይታያል። እናቴ አየችና «ይኼ ነገር ነፍስ አለው» ብላ ራቅ አለች። እኔ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ ቲዩብን ያየሁት በመጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ «ታሪክ» በሚለው ክፍል ብቻ ነው። አሁን ታሪኩ ቤቴ መጥቶ ተቀመጠ።

ድምፁ ግን፣ አይቀየሙኝና፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ከብርድ ልብስ ስር ሲያወራ ይመስላል። ጊታሬ ጥፋተኛ አይደለም፤ ክሩን ቀይሬለታለሁ። ከዚህ ዕቃ ጥሩ ድምፅ እንዴት ነው የሚወጣው? እባክዎ ምንም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ። ተምሬ እንደሱ ያለ መሥራት፣ የራሴን ሱቅ መክፈት ነው የምፈልገው። ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም፤ ግን እየሳቁ ይጻፉልኝ።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ልጅዎ

*

ጥቅምት 29

ለኢንጂነሯ ልጄ፤

እናትሽን አቅፈሽ ሳሚልኝ። እኔ ምድር ቤት ባለው ሱቄ፣ በተሰባበሩ ዕቃዎች ተከብቤ፣ ከእነሱ ብዙም ያልተሻለ ወገብ ይዤ አለሁ።

አምፑን አትናቂብኝ። ዕድሜውን የፈጀው ጠርሙስ በሚወራወሩ ሰካራሞች ፊት ነው። የግራ ጎኑን ዳብሺው፤ የተሰነጠቀ ቦታ ታገኛለሽ። እዚያ የተሰካውን ስብርባሪ በፒንሳ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የፊተኛው ባለቤቱ በዚያው ጠብ አንድ ዓይኑን አጣ። አምፑ ግን መዝፈኑን አላቆመም ይባላል።

አሁን ስሚኝ። ሆዱ ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልት አለ። ከሶኬት ብትነቅይውም ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ቂም ይይዛሉ፤ ሳታራግፊያቸው እጅሽን እንዳትሰጂ። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ግን ሽማግሌ ነኝና ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቲዩቦቹ ሲሠሩ የጋለ ብረት ናቸው። አንድ ደንበኛዬ የአውራ ጣቱን ቆዳ መስታወቱ ላይ ትቶ ሄዷል፤ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ስፒከር ሳይኖረው ደግሞ ከቶ እንዳታበሪው፤ ጉልበቱ መውጫ ሲያጣ ራሱን ነው የሚያቃጥለው።

ድምፁ ታፈነ ላልሽው አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የድምፁ ቁልፍ ስንት ላይ ነው? ቲዩብ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወራ ጨዋ ነው፤ ጨዋታ የለውም። እውነተኛ ድምፁ የሚወጣው ሲጨነቅ ነው። ከመሬት አንሺና ወንበር ላይ አውጪው፣ እስኪሞቅ ታገሺው፣ ከዚያ ከአምስት በላይ ክፈቺው። በጣትሽ ክሩን ለስለስ ስታደርጊ ይለሰልሳል፣ ስትመቺው ይሻክራል። ያን ጊዜ ጥሩ ድምፅ ማለት ምን እንደሆነ አንቺ ለእኔ ትጽፊልኛለሽ።

እህቴ፣ እናትሽ፣ ሬዲዮዋን ታዳምጣለች? ያንን ትልቁን የእንጨት ሬዲዮ ስልክላት ገበያውን ዞሬ ድምፁ የጎላውን መርጬ ነው። ናፍቆት እንዲያስረሳት ብዬ።

ያንቺው ጋሼ

*

ኅዳር 19

ይድረስ ለጋሼ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ።

ወንበር ላይ አወጣሁት፤ እውነትም የታፈነው ነገር ቀለለው። የቲዩቦቹን እግር አጸዳሁ፣ የላሉትን ሽቦዎች በየድኩ። ሳላራግፍ አልነካሁም፣ አይስጉ። ስንጥቁንም ዳበስኩት። ያቺን የጠፋች ዓይን እያሰብኩ ነው የምጫወተው።

ግን ጋሼ፣ ቁልፉን ብዙ ሳይከፍቱ ጥሩ ድምፅ ማውጫ ዘዴ የለውም? እኛ ሰፈር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ነው የሚኖረው፤ ከወዲያ ያለው ልብስ ሰፊ ሲያስነጥሰው ይማርህ የምንለው እኛ ነን። እኔ ከአንድ ተኩል አላልፍም። አንድ ቀን ብቻ እናቴ ገበያ ስትሄድ ሦስት ላይ አደረስኩት። ያኔ፣ አቤት! አንድ ኖታ ይዤ አሥር ሰው ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። ጊታሩን ከአምፑ ፊት ለፊት አስደግፌ ውኃ ልጠጣ ስነሣ ማንም ሳይነካው ማልቀስ ጀመረ፤ ቀጭን፣ እየወፈረ የሚሄድ ጩኸት። ሮጬ አጠፋሁት። ለካ እናቴ ደጃፍ ደርሳ ነበር። በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ጭንቅላቷን በሁለት ክንዶቿ ከልላ አገኘኋት። ቲማቲሙ ሁሉ ደረጃው ላይ ተበትኗል። ድንጉጥ ናት፣ ያውቋታል።

ሬዲዮው ይሠራል። በጣም ጥሩ ይሠራል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ፊደሌ የተወላገደው የግራ እጄን ሌባ ጣት በር ስለያዘው ወረቀቱን የማስደግፍበት አጥቼ ነው። በሦስት ጣት መጫወትም ለካ ይቻላል።

ልጅዎ

*

ታኅሣሥ 5

ለልጄ፤

ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ያሰንብታችሁ።

ጩኸቱ በሽታ አይደለም። ጊታሩ የራሱን ድምፅ ከአምፑ ሲሰማ መልሶ ይጮኻል፣ አምፑም ያንን አጉልቶ ይመልስለታል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ አገር ይይዛሉ። ስትፈልጊ የጊታሩን ፊት ወደ አምፑ ታዞሪያለሽ፣ ሳትፈልጊ ጀርባሽን። እኔ በጉልምስናዬ በዚያ ጩኸት አዳራሽ ሙሉ ሰው አስነሥቼበታለሁ።

ሳይከፍቱ ላልሽው፣ የለም ልጄ። ፎጣ ጣል ማድረግ፣ ቀጭኑን ድምፅ መቀነስ፣ ይኼ ሁሉ መሸንገያ ነው። አምፑ ካልተከፈተ አይዘፍንም፣ በቃ። ደግሞ አንድ ነገር አልገባኝም። ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮውን ይሰማል ብለሽኛል። ሬዲዮውን የቻለ ጎረቤት ጊታር ምን ያደርገዋል?

ጣትሽንም አልገባኝም። እኔ በሮችን አውቃለሁ። በር የሚይዘው በእጀታው በኩል ያለን እጅ ነው፤ ቀኝ እጅሽን ቢሆን ባልጠየቅኩ። የጊታር ጣትሽን ማን በር ላይ አስቀመጠው?

በቶሎ ጻፊልኝ።

ጋሼ

*

ጥር 24

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፤

እንደምን ከርመዋል። እኛ በጣም ደህና ነን። እናቴ ደህና ናት። ወንድሜ ደህና ነው፤ መኪናው ለጥገና ስለቆመ ሰሞኑን ቤት ነው።

ስፒከሩ በማጓጓዝ ጊዜ ስለተቀደደ ወረቀቱ በምን ዓይነት ሙጫ እንደሚጣበቅ እንዲነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ካልሆነም አንድ አሮጌ ስፒከር ቢያገኙልኝ። ይህም ካላስቸገረ ነው።

በመዘግየቴ ይቅርታ።

ልጅዎ

*

የካቲት 2

ልጄ፤

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

ይኼንን ደብዳቤ ያንቺ እጅ ጻፈው እንጂ አንቺ አልጻፍሽውም። «በትሕትና እጠይቃለሁ» የምትለኝ ማሸጊያ በጥርሷ የቀደደችው ልጅ ናት? አምፑ ጥቅምት ደርሶ ኅዳር ላይ አሥር ሰው ከኋላሽ አቁሞ ነበር። ታዲያ በየትኛው ማጓጓዝ ነው ጥር ላይ የተቀደደው?

ዕድሜዬን ሙሉ የተቀደደ ስፒከር ሳይ ነው የኖርኩት። በጉልበቱ ብዛት ሲቀደድ ወረቀቱ ከጠርዙ ዙሪያውን ይለቃል። በቢላ ሲወጋ መስመር ነው። በጫማ ሲረገጥ የጨረቃ ግማሽ ይመስላል፣ መሐሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ያንቺው ምን ይመስላል? ሣዪልኝ።

አለዚያም መሣሉን ተዪውና ማን እንደሆነ ንገሪኝ።

ጋሼ

*

የካቲት 20

ይድረስ ለጋሼ፤

የጨረቃ ግማሽ ነው።

የረገጠው ወንድሜ ነው፣ ጫፉ ብረት ባለው የሥራ ጫማው። እኔ አምፑን አቅፌ ተደፍቼ ስለነበር መጀመሪያ የረገጠው ጎኔን ነው፤ አንድ አጥንት ሲተነፍሱ የሚንቋቋ ሆኗል። ጣቴንም በር አልያዘውም። እጄን መቃኑ ላይ አስደግፎ በሩን የገፋው እሱ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ እያየኝ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤቱ የሱ ነው፤ ወጡ ቢቀዘቅዝም፣ ጎማ ቢፈነዳበትም፣ ዕዳው የእኛ ነው።

ሬዲዮው በጣም ጥሩ ይሠራል ብዬዎት አልነበር? ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ጫማውን አያወልቅም። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞራል። ዜና ይሁን ዘፈን፣ የሞተ ሰው ማስታወቂያ ይሁን፣ ግድ የለውም። ከዚያ ቀበቶውን ይፈታል። እናቴን የሚመታት ጀርባዋን ነው፣ ልብስ በሚሸፍነው። ዘፈን ከሆነ አንዳንዴ ሳያውቀው በምቱ ነው የሚመታው። የወለደችው ልጇ ነው፣ ጋሼ። ጎረቤቱ «ሾፌሩ ገባ፤ ሙዚቃ ይወዳል» ይላል።

አምፑን መክፈት ያቃተኝ ለዚህ ነው። እሱ በሌለበት ቀን እንኳ ድምፁ ከሁለት ካለፈ የእናቴ እጆች ጭንቅላቷ ላይ ይወጣሉ። ድምፅ ሲጨምር ምን እንደሚከተል ገላዋ ያውቃል። እርስዎ «ክፈቺው» ባሉኝ ቁጥር እናቴን ምቻት ያሉኝ ይመስለኝ ነበር። ይህን መጻፍ አቅቶኝ ነው ስለ ሙጫ የጻፍኩት።

አሁን ግን አንድ የሥራ ጥያቄ አለኝ። የሬዲዮውን ጀርባ ፈትቼ አየሁ። ስፒከሩ ሰፊ ነው፣ ስምንት ኦም፤ የአምፑም ስምንት ኦም ነው፣ ልካቸው ይገጥማል። የአምፑን ጉልበት ይሸከማል ወይስ ይፈነዳል? ሐሳቡ የእኔ አይደለም። እናቴ የተቀደደውን ስፒከር ቆማ አየችና «ከዚያኛው አይወጣም?» አለች። ወደ ሬዲዮው ዞራ አላየችም፤ በአገጯ ነው የጠቆመችው። እኔ ኢንጂነሯ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከሰማሁት ሐሳብ ሁሉ የዓመቱ ምርጥ ነው። እባክዎ ቶሎ!

ልጅዎ

*

መጋቢት 1

ልጄ፤

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ያደረግኩትን አልነግርሽም፤ የሱቄ መስኮት ግን አዲስ መስታወት ይፈልጋል። መጥቼ የዚያን ልጅ ክንዶች ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደ ማገዶ ልሰብራቸው ነበር። ሻንጣዬን አውጥቼ፣ ካቻቢቴና መዶሻ ከትቼበት፣ አንዲት ሸሚዝ እንኳ ሳልጨምር ቁጭ አልኩ። ወገቤ መንገዱን አይችልም፤ ንዴቴም ከእኔ በፊት አይደርስላችሁም።

ድምፁ የጎላውን መርጬ! በእጄ፣ በጆሮዬ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ!

እሺ። ወደ ሥራችን። ስፒከሩ ይሸከመዋል። አቅሙ ከአምፑ ስለሚያንስ ገና ሦስት ላይ መሻከር ይጀምራል፤ አንቺ የለመንሽው፣ ብዙ ሳይከፈት የሚጮኸው ድምፅ ማለት እሱ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ለትንሽ ጊዜ ነው የሚቆየው፣ ከዚያ ጠርዙ ይለቃል። ሽቦዎቹን አጥብቀሽ ያዢ።

አውጪው። እርሜ ነው፣ ያ ሬዲዮ አንድ ቃል እንዳይናገር። ግን ዝም ያለ ዕለት ያ ልጅ ምን እንደሚያደርግ አስበሻል? ከዚያ ቤት መውጣት ከቻላችሁ ውጡ። ካልቻላችሁ እሱ ሲገባ በሩ ከውስጥ አይቆለፍ። ለእህቴ ልታነቢላት ከቻልሽ፣ አላወቅኩም ነበር በያት።

ጋሼ

*

ሚያዝያ 8

ይድረስ ለጋሼ፤

በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምኩት ሳይቀመጡ እንዳይደነግጡ ነው፤ አሁን ይቀመጡ።

ስፒከሩን ያወጣነው ከእናቴ ጋር ነው። እኔ ብሎን ስፈታ እሷ መብራት ያዘችልኝ፤ በኋላ ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰደችና የመጨረሻውን ራሷ ፈታችው። መሣሪያውን አልመለሰችልኝም፣ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ባዶውን ሬዲዮ አቧራውን ጠርገን ቦታው መለስነው። ፊት ለፊቱን ላየ ምንም አልተነካም።

ወንድሜ የገባው ከምሳ በኋላ ነው። እኔ ጊታሬን ይዤ፣ አምፑ ወንበሩ ላይ ሞቆ፣ ቁልፉ ሁለት ላይ ነበር። አላየኝም። በቀጥታ ሬዲዮውን አዞረ። መብራቱ በራ፣ ድምፅ የለም። እስከ መጨረሻው አዞረው። በጥፊ መታው። መልሶ አዞረው። ቀበቶው ግማሹ ተፈቶ ሱሪውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሬዲዮ ሲደበድብ ሳየው፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ።

«ምን አድርጋችሁት ነው?» አለ። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ለካ ያለ ሬዲዮ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

«ስፒከሩ እዚህ ነው» አልኩት፣ አምፑን እያሳየሁት። አፌን ማን ያዘው!

መጣና እጁን በአምፑ ክፍት ጀርባ በኩል ሰደደ። «እንዳትነካው! ያቃጥላል!» ብዬ ጮኽኩ። ከልቤ ነበር። እሱ ግን የምሳሳለት መሰለውና ትልቁን ቲዩብ በመዳፉ ሙሉ ጨበጠው። ሽታውን እርስዎ ያውቁታል። እጁ ሲላቀቅ ቆዳው መስታወቱ ላይ ቀረ። አልጮኸም፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ከንፈሩን ነክሶ ደም በደም አደረገው። ከዚያ በደህናው እጁ ፊቴን መታኝ፣ ወደቅኩ፣ ጊታሩም አብሮኝ። በጫማው የግራ እጄ ላይ ቆመና ተረከዙን ሲጋራ እንደሚያጠፋ ሰው አዞረው። ሁለት ጣቶቼ ሲሰበሩ ሰማኋቸው፤ እንደ ደረቅ እርሳስ።

ከወለሉ ላይ የሚታየኝ የእናቴ እግር ነበር። ሄደች። በበሩ ወጥታ የምትሸሽ መስሎኝ «ሂጂ፣ ሂጂ» እያልኩ በሆዴ ስለምን ወደ ወንበሩ ነው የሄደችው። ቁልፉን ያዘችና አዞረችው። አምስት። ሰባት። እስከ መጨረሻው።

ጊታሩ ፊቱን ወደ አምፑ አድርጎ ወድቆ ነበር። መጀመሪያ ዝም፣ ከዚያ ያ ቀጭን ለቅሶ፣ ከዚያ ወፈረ፣ ከዚያ ምን ብዬ ልንገርዎ፣ የበሬ እርድ፣ የባቡር ፍሬን፣ ሁሉም ባንድ ላይ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ብርጭቆ ከመደርደሪያው ወረደ። ወንድሜ ጆሮውን ይዞ ወደ አምፑ ዘለለ፤ እናቴ ከፊቱ ቆማ ነበር፣ ካቻቢቴው ከኪሷ ወጥቶ ጫፉ ወደ ሆዱ። እጇ ጭንቅላቷ ላይ አልወጣም፣ ጋሼ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እጇ አልወጣም።

በሩ አልተቆለፈም ነበር። መጀመሪያ የገባው ልብስ ሰፊው ነው፣ ትልቁን መቀስ እንደያዘ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ። ከኋላው ደረጃው ሙሉ ሰው።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለ።

«እኛ ነን» አለች እናቴ።

ከዚያ ቁልፉን ቀነሰችው። ልብስ ሰፊው የእኔን እጅ አየ፣ ቀበቶውን አየ፣ ቆዳ የሌለውን መዳፍ አየ። «እኛ እኮ የለመድነው የሬዲዮውን ነበር» አለ።

«ትሰሙ ነበር?» አለችው።

መቀሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ወደ ወንድሜ ዞረና አንገቱን ያዘው። ሌሎቹም ያዙት፤ ሲያወርዱት ደረጃውን በእግሩ የወረደው አይመስለኝም። «በቃ፣ አትግደሉብኝ» ያለቻቸው እናቴ ናት። አሁን ፖሊስ ጣቢያ ነው። ቃሏን ሰጥታለች፤ ጸሐፊው «ቀስ ብለው ይናገሩ፣ እሰማለሁ» እስኪላት ድረስ ጮክ ብላ።

የሐኪሙ ቃል ጣቶቼ ይጠግናሉ ነው፤ እንደ በፊቱ ይታጠፉ እንደሆን ግን አላለም። እስከዚያ በቀኜ ክሩን ዝም ብዬ እመታለሁ። ድምፁ? የስፒከሩ ጠርዝ በዚያ ጩኸት ትንሽ ለቋል። ዝቅ ስል ይተነፍሳል፣ ስመታው እንደ ጠጠር ይሻክራል፣ መጨረሻው ላይ ይዘፍናል። ጥሩ ድምፅ ማለት ምን እንደሆነ አንቺ ትጽፊልኛለሽ ብለውኝ ነበር፤ ይኼው ጻፍኩ። መስታወቱ ላይ የቀረውን ቆዳ ፍቄ አጽድቼዋለሁ፣ አራግፌ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ። ቲዩቡ አንድ ነገር አልሆነም።

ቁልፉን የምትይዘው እናቴ ናት። በየቀኑ አጠገቡ ትቀመጥና ከአንድ ትጀምራለች፣ ትንሽ ትጨምራለች፣ ትጠብቃለች፣ ምንም እንዳልመጣ ስታይ ደግሞ ትጨምራለች። የእርስዎን «አላወቅኩም ነበር» አነበብኩላት። «አሁን እንዲያውቅ በደንብ ጻፊለት» አለችኝ።

ፊደሌ ቢወላገድ ለጣቶቼ አያዝኑ፤ የምጽፈው በቀኜ ነው። ጊታሩን ከአምፑ ፊት ለፊት አስደግፌዋለሁና ጠረጴዛው ነው የሚንቀጠቀጠው። ስድስት ላይ አድርሳዋለች።

ልጅዎ